ለሰርግ የተጻፈ ሙሾ

ሐሚዳ ለቡ መብራት ኃይል ሰፈር የራሷን ማተሚያ ቤት ከመክፈቷ በፊት መርካቶ ተቀጥራ ሠርታለች። እዚያ ሳለች የገባት ነገር ቢኖር፣ ካርዱ አንዴ ከታተመ ወቀሳው ሁሉ አታሚው ላይ መሆኑ ነው። ስለዚህ ግጥም ያለበት የሰርግ ጥሪ ሲመጣላት መጀመሪያ እያጨበጨበች ጮክ ብላ ታነበዋለች። ጭብጨባው ካልሄደላት ማሽን አታስነሳም።

ጋሽ ገሠሠ የልጃቸውን የፅጌረዳን የሰርግ ጥሪ ይዘው ከመምጣታቸው በፊት ሙሽራዋ ራሷ ደውላ ነበር።

«ሐሚዱዬ፣ በናትሽ የአባዬን ግጥም አስቁሚልኝ! አማቴ፣ የበንቲ እናት፣ ይሄን ካየች ማን ሞተ ነው የምትለው። አባዬን እኔ ብነግረው ደግሞ ይቀየመኛል።»

አባቷ የጻፉት ግጥም እንዲህ ይላል፦

ቤቴ ጨለመብኝ፣ ልጄ ስትለየኝ፤
ከእንግዲህ ማለዳ፣ አባዬ ማን ይለኝ።

ጋሽ ገሠሠ ሲመጡ ሐሚዳ እያጨበጨበች ሞከረችው። እጇ እየዘገየ ሄዶ ቆመ።

«ጋሽ ገሠሠ፣ ቤቱ ይመታል። ስድስት የድምፅ ቀለም፣ መሐል ላይ እረፍት፣ እንደገና ስድስት። ልኩ ልክ ነው። ግን እረፍቱ ላይ ሰው ይተክዛል። ይሄ ደረት የሚያስደቃ ነው።»

«ታዲያ እስክስታ ልውረድልሽ? የምትሄደው ልጄ እኮ ናት! ግጥሜ ካልገባ "አክባሪዎ" ከሚለው ስር ስሜንም አውጪው።»

ሐሚዳ ደነገጠች። የአባት ስም የሌለበት ጥሪ ሰፈሩን ሁሉ ያነጋግራል።

«እሺ፣ እርስዎ ያንብቡት፤ እኔ ላጨብጭብ።»

ጋሽ ገሠሠ ጀመሩ። እረፍቱ ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ሳያዙት ተጎተተ። በእድራቸው የሙት ዓመት ግጥም ጻፊው እሳቸው ናቸው፤ ዓመታት የለመዱት ዜማ ይዟቸው ሄደ። ሁለተኛውን ስንኝ ሳይጨርሱ ሳቃቸው መጣ።

«ቀበርኳት በይኛ!»

«ሐዘኑን አይተዉት። ሙሽራ ሲሸኙም ይለቀሳል፤ ግን እየተጨበጨበ ነው። የስንኙን እርምጃ ብቻ ያሳጥሩት።»

ጋሽ ገሠሠ የወረቀት እሽግ ላይ ተቀምጠው በጣታቸው የስንኙን ቀለም መቁጠር ያዙ። ሰረዙ፣ ጻፉ፣ ደግመው ሰረዙ።

በንቲ ውሰዳት፣ ልጄን በሰላም፤
በበዓል አምጣት፣ በሩን አልዘጋም።

አምስት፣ አምስት። የሐሚዳ እጅ ሳይቆም እስከ መጨረሻው ሄደ።

«"በሩን አልዘጋም" ስል አሁንም ሆዴ ይባባል» አሉ።

«ይባባ። ግን ያስጨበጭባል።»

«በይ ስሜን መልሺው። ደመቅ አድርጊው፤ የበንቲ እናት ያለ መነጽር አታይም።»