በቢሮ በረንዳ ላይ የተፈተነው ጋሪ

የሞራ ሽታ እስካሁን ያቅለሸልሸኛል። በሰማንያዎቹ መጨረሻ ንፋስ ስልክ አካባቢ በአንድ ሳሙና ፋብሪካ የጥገና ሠራተኛ ነበርኩ። ወለሉ ከዓመት ዓመት እርጥብ ነው፤ ሞራ፣ ዘይት፣ ቆዳ የሚልጥ ኮስቲክ ሶዳ። እንግዲህ የፈላ ሳሙና የተሞላ ጋሪ የሚገፋው እዚያ ላይ ነው። ከሚገፉት መካከል ከሀና ማርያም በእግራቸው የሚመጡ፣ በዕድሜ እናቴን የሚያህሉ ሴት ነበሩ። እትዬ ነበር የምላቸው። ሦስት የልጅ ልጆች የሚያሳድጉት በዚያች ሥራ ነው።

የድሮዎቹ የብረት ጎማዎች ሲሚንቶውን ቦርቡረው ጉድጓድ በጉድጓድ ስላደረጉት ይቀየሩ ተባለ። ኮሚቴ ተቋቋመ። እኔንም «ቴክኒክ አዋቂ» ብለው አስገቡኝ። የማውቀውን ተናገርኩ፦ ላስቲክ ሞራ ሲነካው ያብጣል፣ ይላላል፣ እንደ ረጠበ ዳቦ ይፈረፈራል። የሚያዋጣን ጠንካራ ናይለን ነው፤ ሞራም ሶዳም አይበግረውም። ውሃ የማያስገባ ኩሽኔታ ይግባበት፣ ጎፋ ያለ አንድ ቶርኖ ቤት ይቀርጽልናል አልኩ።

«ሦስት ፕሮፎርማ አለህ?» አሉኝ ሰብሳቢው። ከየት ላምጣ? ናይለን የሚቀርጽ ያገኘሁት አንድ ሰው ብቻ ነው። የላስቲኩን ግን ሦስት ሱቆች ፕሮፎርማ ሰጥተዋል። አለቀ! ስለሚገፋው ሰው እግር የጠየቀ የለም፤ ብቻ ወረቀቱ ሦስት ይሁን።

አዲሱ ጋሪ መጣ፤ ጎማው ጥቁር፣ የሚያብለጨልጭ። የት ቢፈትኑት ጥሩ ነው? በቢሮው በረንዳ ላይ! በተወለወለው ወለል ላይ፣ ያውም ባዶውን። ሰብሳቢው ከነክራቫታቸው ጋሪው ላይ ቁጭ አሉ፣ ጸሐፊዋ ገፋቻቸው፣ ሁሉም ተንከተከተ። «አውሮፕላን እኮ ነው!» አሉ። ከዚያ የርክክብ ቅጹ ዞረ። ሁሉም ፈረመ። ብቻዬን ከምጋፈጥ ብዬ እኔም ፈረምኩ።

ሁለት ወር አልሞላውም። ጎማው ሞራ ጠጥቶ አበጠ፣ ከዚያ ይቀረፍ ጀመር። እትዬ ሁለት ጊዜ መጥተው «የኔ ልጅ፣ ይሄ ጋሪ አልታዘዝ አለኝ» አሉኝ። ማመልከቻ ጻፍኩ፤ በሂደት ላይ ነው ተባልኩ። አንድ ቀን ጠዋት አንዱ ጎማ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ተገነጠለ፣ ጋሪው ተገለበጠ፣ የፈላው ሳሙና ቀኝ እግራቸው ላይ ፈሰሰ። ቦት ጫማቸውን ሳወልቅላቸው ከቆዳቸው ጋር ነው የወጣው።

በሳምንቱ አጣሪ ኮሚቴ ተቀመጠ። ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ያው እኛው! ዓይናቸውን በጨው አጥበው «አደጋው የደረሰው በሠራተኛዋ ጥንቃቄ ጉድለት ነው» ብለው ጻፉ። እንዲህ ከተባለ እትዬ ከሥራ እንደሚሰናበቱ እዚያ ክፍል ውስጥ የማያውቅ አልነበረም። በቅጹ ግርጌ «የልዩነት ሐሳብ» የሚል ባዶ ቦታ አለ። እስክሪብቶውን ይዤ አፍጥጬ አየሁት። ጥፋቱ የጎማው ነው ካልኩ፣ ርክክቡ ላይ የኔም ፊርማ አለ። ቦታውን ባዶ ትቼ ፈረምኩ። ትፍ! ሰብሳቢውን ስጸየፍ የከረምኩት ሰውዬ እኔ ነኝ እንግዲህ።

ከወራት በኋላ ጎፋ ታክሲ ስጠብቅ ምርኩዝ ይዘው ሲመጡ አየኋቸው። ልደበቅ ዞር ስል ጠሩኝ። ጉንጬን አገላብጠው ሳሙኝ።

«እነዚያ አረመኔዎች ሲያባርሩኝ አንድ ሰው አልጠፋም» አሉ። «አንተ ስለ ጎማው ከመነሻው እንደጮህክ ነግረውኛል። እስከ መጨረሻውም እንደተሟገትክልኝ ልቤ ያውቃል። በጸሎቴ አንድ ቀን ረስቼህ አላውቅም።»

«ምን አደረግኩልዎት፣ እትዬ?» አልኩ። አልዋሸሁም።

እሳቸው ግን ትሕትና መሰላቸው። እጄን ስበው ሳሙት፤ እኔም አልሰበሰብኩትም።