በጥቅምት ታቆማለች

የምትወዱት ሰው አጠገባችሁ ተቀምጦ ፊልም ሲያይ ድንገት ባዕድ ሆኖባችሁ ያውቃል? እኔ ደርሶብኛል።

እሁድ ከሰዓት፣ አብነት ሰፈር በተከራየኋት ክፍል፣ ከእጮኛዬ ጋር አንድ የድሮ ጥቁርና ነጭ ፊልም እያየን ነበር። ታሪኩን ላስረዳ፤ አስተማሪ ነኝና ሳላስረዳ ማለፍ አልችልም። አንዲት ፒያኖ ተጫዋች ሐኪም ታገባለች። ባሏ አይመታትም፣ አይሰድባትም። ብቻ አንድ ቀን ሳሎኑ ጠበበ ብሎ ፒያኖውን ያስወጣዋል። እሷም ጥላው ትሄዳለች።

"አበደች እንዴ? ቤት ሰጣት፣ ምን ጎደላት?" አለ እጮኛዬ።

"ፒያኖው ነዋ!"

"አንቺ ደግሞ! ፊልም እኮ ነው፣ የኔ ቲቸር።"

እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ ሜክሲኮ አካባቢ ከጓደኞቼ ጋር ቴአትር እለማመዳለሁ። እሱ ደግሞ በሁለት ሳምንት ውስጥ ሽማግሌ ሊልክ ነው። "የእኔስ ቴአትር?" አልኩት።

"እሱን ከተጋባን በኋላ እናየዋለን።"

ሽማግሌዎቹ ሦስት ሆነው ልደታ፣ አባቴ ቤት መጡ። ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም ብለው ቆሙ። አባቴ እንደ ደንቡ ስለ ልጁ ቤተሰብ፣ ስለ ሥራው፣ ስለ ጠባዩ ጠየቀ። እኔም እንደ ደንቡ ጓዳ ነኝ። ጠዋት ግን አንድ ጥያቄ እንዲጨምርልኝ አባቴን ለምኜው ነበር።

"ልጄ ቴአትር ትሠራለች" አለ። "ካገባች በኋላስ?"

ትልቁ ሽማግሌ ሳቁ። "ጌታዬ፣ እሱ እንኳ አያሳስብዎ! ልጁ ራሱ ነግሮናል፤ በጥቅምት ታቆማለች።"

የምሥራች መስሏቸው ነው የተናገሩት። በጥቅምት! ወሩ ሳይቀር ተቆርጦልኛል። ለእኔ "እናየዋለን"፣ ለሽማግሌ "በጥቅምት"!

ከጓዳ ወጣሁ። በዚያ ሰዓት ልጅት እንደማትወጣ አውቃለሁ፤ ወጣሁ።

"አባቶቼ፣ እናንተን አክብሬ ነው" አልኩ። "ግን እኔን ማን ጠየቀኝ?"

አንደኛው ባርኔጣቸውን አነሱ። አባቴ ሌላ ቀጠሮ ሳይሰጥ እስከ በር ሸኛቸው።

እስካሁን ያንገበግበኛል። ቴአትር አልወድም ቢለኝ ኖሮ እንከራከር ነበር። ለሦስት አዛውንት የነገረውን ከእኔ መደበቁን ግን በምን ልከራከረው?

እህቶቼ፣ ሽማግሌ ሊመጣባችሁ ከሆነ፣ የምትሳሱለትን ሥራ በስሙ ጠርታችሁ በሰው ፊት አስጠይቁ። እባካችሁ ሞክሩት።