በስንጥቁ ላይ የተለጠፈችው መስታወት

ከሦስት ቀን በፊት፣ ሰመራ የተከራየሁት ቤት ባለቤት ግንበኛ ይዘው መጡ። ግንበኛው ከበሩ በላይ ያለውን ስንጥቅ በእጁ ዳሰሰና ጣት የምታህል ቁራጭ መስታወት በጄሶ ለጠፈበት። "በየጠዋቱ እያት እህቴ፤ ከተሰበረች ግድግዳው እየተንቀሳቀሰ ነው" አለኝ። እሺ አልኩ። ነገሩን ከዚህ በፊት እንደማውቀው አልነገርኩትም።

መጀመሪያ ሳውቀው አሥራ አራት ዓመቴ ነበር። አዋሽ ከተማ ውስጥ፣ ከወሎ የመጡት አያቴ በሠሩት የድንጋይ ቤት እንኖር ነበር። አባቴ መንገድ ዳር የመኪና ጎማ ይጠግን ነበር። እናቴ ከሞተች ሁለት ዓመት ሆኗት ነበር፤ እኔም ትምህርቴን ከስድስተኛ ክፍል ያቆምኩት ያኔ ነው። አባቴ ሰደቃ ይሁናት ብሎ፣ እሷ ትተኛበት ከነበረው ክፍል ውጭ፣ ከግድግዳው ጥግ የውሃ ሮቶ አቁሞ ለመንገደኛው ቧንቧ አወጣ። ያ ሙቀት ሲበረታ የጎማው ሽታ ራስ ያዞራል፤ ሾፌሮቹ ከመኪና ወርደው ቀጥታ ወደ ውሃው ነው። ለሰላት ውዱእ ያደርጋሉ፣ ጀሪካን ይሞላሉ፣ ለማያውቋት ሴት "አላህ ይዘንላት" ይላሉ። እኔ በመስኮት እሰማለሁ። የሚደፋው ውሃ የት እንደሚገባ ማናችንም አላሰብንም። አፈሩ እንደ አመድ የላላ ስለሆነ እዚያው ይጠጣዋል።

መጀመሪያ የእናቴ ክፍል በር አልዘጋ አለ። ቀጥሎ ከመስኮቱ ጥግ እስከ ጣሪያው ስንጥቅ ወጣ። አባቴ በሲሚንቶ ደፈነው፤ ከሳምንት በኋላ ከጎኑ ተሰነጠቀ። በመጨረሻ ጋሽ ተፈራ የሚባሉ ሽማግሌ ግንበኛ መጡና የግድግዳውን ሥር በዶማ ቆፈር አደረጉት።

"ጀማል፣ ሰው ይታጠብ ብለህ የቤትህን መሠረት አጥበህ ጨረስከው" አሉት አባቴን።

"የእሷ ሰደቃ እኮ ነው ጋሼ።"

"ማን ተው አለህ? ቧንቧውን ወደ መንገዱ እናወጣዋለን። ግን መጀመሪያ አፈሩ ይድረቅ፤ አንድ ወር ጠብታ እንዳይነካው። ከዚያ ቆፍሬ ከሥሩ ድንጋይ አስገባለታለሁ።" ስንጥቁ ላይ መስታወት ለጠፉና ወደ እኔ ዞሩ። "ጠባቂዋ አንቺ ነሽ።"

አባቴ ቧንቧውን ዘጋ። "ለመጣው ሰው ሁሉ፣ መስጊዱ ቅርብ ነው በይ" አለኝ። እኔ ደግሞ እንኳን እንግዳ ሰው መመለስ፣ ሱቅ ሄጄ ጨው ስጡኝ ማለት የሚጨንቀኝ ልጅ ነበርኩ።

አራት ቀን ማንም አልመጣም። በአምስተኛው፣ ከሰዓት በኋላ የአስር ሰላት ሲደርስ፣ ጢማቸው የሸበተ ሾፌር እጅጌያቸውን ሰብስበው ቧንቧው አጠገብ ቁጢጥ አሉ። "የሟቿ ልጅ ነሽ? ባለፈውም ዱዓ አድርጌላታለሁ" ብለው ከኪሳቸው ቴምር አውጥተው እጄ ላይ አደረጉ። መስጊዱ ቅርብ ነው ሳልል ቧንቧውን ከፈትኩላቸው። ውሃው ሲወርድ አፈሩ ሲመጠው ይሰማኝ ነበር። በማግስቱ ሌሎች ሁለት መጡ፤ ለእነሱም ከፈትኩ።

ከዚያ ወዲያ መስታወቷን ማየት ፈራሁ። እያጎነበስኩ አልፋታለሁ። አባቴ "እንዴት ናት?" ሲለኝ "ደህና ናት" እላለሁ። አንድ ጠዋት ስጠርግ መጥረጊያው ግማሿን ከወለሉ ላይ አነሳት። ስንጥቁ እጄን ያስገባ ነበር።

ጋሽ ተፈራ መጥተው አዩት። ድንጋዩ ሰው ላይ ሳይወርድ ክፍሉ ይፍረስ አሉ። እሳቸው ሲሄዱ አባቴ ፊት ቆሜ "እኔ ነኝ የከፈትኩት" አልኩ።

አባቴ የእናቴን አልጋ እያየ ነበር።

"እኔም ጁምዓ ጁምዓ ከፍቼዋለሁ" አለ።

አልጋዋን አብረን አወጣን። ክፍሉ ፈረሰ፤ የተረፈው ቤትም ቆይቶ ወደዚያው ስላዘመመ ለቀን ወጣን። አባቴ አሁን ሎጊያ ጎማ ይጠግናል። ቧንቧው ግን ወደ መንገዱ ወጥቶ እስካሁን አለ። በአውቶቡስ ሳልፍ፣ ከኋላው ቤት ሳይኖር ሰዎች ቁጢጥ ብለው ሲታጠቡ አያለሁ። የእናቴን ስም የሚያነሳ ይኑር አይኑር ከአውቶቡሱ መስኮት አይሰማም።

አከራዬ ዛሬ "መስታወቷ እንዴት ናት?" ሲሉኝ፣ አፌ ራሱ "ደህና ናት" አለ። ቀና ብዬ ግን እስካሁን አላየኋትም።