ያልተነኩት ሦስት ማርሾች

አፍንጫዬን በሻሼ ጫፍ ይዤ ስታዪኝ ሳቅሽብኝ። ጭስ የጠላሁ መስሎሽ ነው። ቅድም ሰርገኞቹ ፎቶ ሊነሡ ሐይቁ ዳር ሲወርዱ፣ ያቺ ዝቅ ያለች ቀይ መኪና ከእንግዳ ማረፊያችን በር ላይ ቆማ፣ ተነሥታ፣ ደግሞ ቆማ፣ ከሥሯ የተቃጠለ ነገር ሸተተ። አንቺ ጎማ ነው አልሽ። ጎማ አይደለም፤ ፍሪሲዮን ነው። በግራ እግር የሚረገጠው፣ ማርሽ ሲቀየር ሞተሩን ከጎማው የሚያላቅቀው ነገር ሲቃጠል እንዲህ ይሸታል፤ እንደ ተለበለበ ቀንድ። ይህን ሽታ ከአሥራ ሰባት ዓመቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። 

ጥላው ሥር የተቀመጡት ሁለት ልጆች ሲከራከሩ ሰምተሻቸዋል? አንደኛው፣ "እንዲህ ያለ መኪና ገዝቶ ውድድር ሜዳ ወስዶ ካልነዳት ምን ታደርግለታለች?" ይላል። ሌላው፣ "አብደሃል እንዴ? በአንድ ቀን ጎማዋን አስበልቶ፣ ሞተሯን ገድሎ ይመለስ?" ይለዋል። ጠርሙሳቸውን ሳነሣ መልሱ አፌ ላይ ነበር። እንደ ልማዴ ዋጥሁት። ላንቺ ልንገርሽ፤ አንሶላው እስኪደርቅ ጊዜ አለን።

ያሳደጉኝ አያቴ ናቸው። እናቴ እኔን ለእሳቸው ትታ ዓረብ አገር ሄደች። ሰፈሩ ሐጂ ይላቸው ነበር፤ እኔ አባባ እላቸዋለሁ። ከስምንተኛ ክፍል በላይ አልገፋሁም። ሰው ፊት ቆሞ መናገር ስለሚያቅተኝ መምህሩ ሰሌዳው ጋ በጠራኝ ቁጥር አለቅስ ነበር። አባባ አልተቆጡኝም። "እሽ፣ እቤት ሁኚ። መኪናዋን በደንብ የሚያጥብልኝ ሰው አጥቻለሁ" አሉኝ።

አባባ በልጅነታቸው በወረታ መንገድ የጭነት መኪና ረዳት ነበሩ። ከዚያ ሾፌር፣ ከዚያ የእህል ነጋዴ ሆኑ። አርባ ዓመት ከባድ መኪና ከነዱ በኋላ ሁለቱን ሸጠው፣ በዱባይ በኩል አንዲት ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ የበሰለ ማንጎ የመሰለች የእሽቅድድም መኪና አስመጡ። ሰፈሩ ተሰብስቦ ሳቀ። "ሐጂ፣ ይቺ ስንት ኩንታል ትጭናለች?" ይሏቸዋል። "እኔን ብቻ። አርባ ዓመት እኔ ጫንሁ፤ አሁን ደግሞ እኔ ልጫን" ይሉ ነበር።

ጠዋት ጠዋት አጥባታለሁ። ላቫጆ ወስደናት ጭረዋት ስለ ነበር ሌላ ሰው አይነካትም። ጨርቁ የአባባ አሮጌ ጀለቢያ ነው፤ ቀድጄ፣ ብዙ ጊዜ አጥቤ፣ እንደ ጥጥ ያለሰለስሁት። ኮፈኑ ላይ የማንጎው ዛፍ ጥላ ይወድቃል። ከሐይቁ በኩል የዓሣና የእርጥብ ደንገል ሽታ ይመጣል፤ የሳሙናው አረፋ በኮብልስቶኑ መሐል ይወርዳል። ስጨርስ አባባ ይወጣሉ፤ አጠገባቸው ያስቀምጡኛል። ዘንባባዎቹ ሥር አልፈን፣ የዓባይ ድልድይ ደርሰን፣ በዚያው እንመለሳለን። ባጃጁ፣ አህያው፣ ተማሪው፣ የፍጥነት መቀነሻው ጉብታ የት ያስሮጣል። አንድ ቀን መሪውን መታ መታ አድርገው፣

"ስድስት ማርሽ አላት፤ ሦስቱን አውቃቸዋለሁ፤ ሦስቱን አላውቃቸውም" አሉኝ።

"ለምን አባባ?"

"የት ላግኛቸው? ሰው መሐል አራተኛ አይገባም። ሰው ይገደላል።"

ከሦስተኛ የሚያሳልፍ መንገድ አልነበራትም። ሰርግ ግን ነበራት። ያችን መኪና ያየ ሁሉ ለሙሽራው ይለምናቸዋል፤ እሳቸው ደግሞ ሰርግ የጠየቀን ሰው እምቢ ማለት አያውቁም። ገንዘብም አይቀበሉም። አበባ በፕላስተር ለጥፈውባት፣ ፊት ፊት ቪዲዮ ቀራጩ በሌላ መኪና ኋላ ተንጠልጥሎ እየቀረጸ፣ እሷ በሰው እርምጃ ትከተላለች። እንዲያ ሲያዘግሙ እግር ከፍሪሲዮኑ ላይ አይነሣም። ሁለት ጊዜ ተቃጥሎ ሁለት ጊዜ ተቀየረ። ፕላስተሩን ከቀለሟ ላይ በጥፍሬ የማነሣው እኔ ነበርሁ።

መካኒኩ ቀጭን፣ አፉ የማያርፍ ሰው ነው። ሁለተኛውን ፍሪሲዮን ሲቀይር ከመኪናዋ ሥር ሆኖ ጮኸ። "ሐጂ! ይቺን ለሰርግ ማዋል የጉግስ ፈረስ ከበሬ ጋር መጥመድ ነው! አልታመመችም እኮ፤ ታፍና ነው።"

"እና ምን ላድርጋት?"

"ያስሩጧታ! አዲስ አበባ አጠገብ ለአንድ ቀን የሚዘጋ ሜዳ አለ። ባለመኪናዎች የየራሳቸውን ያመጣሉ። አህያ የለ፣ ባጃጅ የለ፣ ዳር ዳሩን ጎማ ተደርድሯል። ቢስቱ የሚመቱት ጎማ ነው።"

አጎቴ፣ የአባባ ልጅ፣ ቢሮ የሚሠራ ሰው፣ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ይሰማ ነበር። "መኪና ንብረት ነው። እዚያ የገባ መኪና በአንድ ቀን አምስት ዓመት ያረጃል። ነገ ማን ይገዛዋል?" አለ። ከዚያ ወደ አባቱ ዞሮ፣ "ደግሞ በዚህ ዕድሜዎ ከማን ጋር ነው የሚሽቀዳደሙት? ከሞት ጋር?" አላቸው።

"እሱ ወደኔ እየመጣ ነው፤ ምን አሽቀዳደመኝ" አሉ አባባ። መካኒኩ ከመኪናዋ ሥር እስኪያስለው ሳቀ።

ግን ነገሩ የሳቅ አልነበረም። በዚያ ሰሞን የአባባ ቀኝ እጅ መንቀጥቀጥ ጀምሮ ነበር። ሐኪሙ ቀስ በቀስ እንደሚብስ ነግሯቸዋል፤ እስከ ክረምት ቢነዱ ነው፣ ከዚያ በኋላ መሪ አይያዝም ብሏል። ይህን የምናውቀው እሳቸውና እኔ ነን፤ ወረቀቱን ያነበብሁላቸው እኔ ነኝ። ስለዚህ ለመካኒኩ፣ "አስመዝግበኝ" አሉት። ከፋሲካ በኋላ ያለ አንድ እሁድ ተያዘ። መኪናዋን የሚጭነው ከባድ መኪና ዓርብ ሊመጣ ተነጋገሩ።

ከዚያ ጀምሮ አባባ ልጅ ሆኑ። በረንዳው ላይ ቁጭ ብለው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ማርሽ ይቀይሩ ነበር። ከሦስት በኋላ ያሉትን እንዴት እንደሚገቡ መካኒኩን ደጋግመው ይጠይቁታል። መካኒኩ ለቤቱ ሁሉ አንድ ትእዛዝ ሰጠ። "ወሩ የሰርግ ወር ነው፤ ማንም መጥቶ ቢጠይቅ 'እሁድ መንገድ አለን' በሉ። በቃ። ሌላ ወሬ የለም።" ወደኔም ጣቱን ቀስሮ፣ "አንቺም!" አለ። ራሴን ነቀነቅሁ። እያጠብሁ ለብቻዬ እለማመዳት ነበር። እሁድ መንገድ አለን። ሦስት ቃል ናት።

ሐሙስ ከሰዓት አባባ ለአስር ሰላት መስጊድ እንደ ሄዱ ጎረቤታችን መጣች። ባሏ ሞቶባት፣ ፋብሪካ እየሠራች አንድ ልጇን ያሳደገች ሴት ናት። ትንሽ ሆኜ ትኩሳት ሲይዘኝ አዝላ ሐኪም ቤት የወሰደችኝ እሷ ናት። እኔ የኋላውን መስታወት እየወለወልሁ ነበር። መኪናዋን ዞር ዞር ብላ አየቻት፤ አልነካቻትም።

"የኔ ልጅ፣ የልጄ ሰርግ እሁድ ነው። ሙሽራው መኪና አላገኘም። እኔ ደግሞ አባት የሌላት ልጅ በባጃጅ ሄደች እንዳይሉብኝ ብዬ ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሐጂን በምን አፌ ልጠይቅ? አንቺ የቤት ልጅ ነሽ፣ ንገሪኝ፤ እሁድ ትገኛለች?"

ሦስቱ ቃላት ጉሮሮዬ ድረስ መጡ። ቀና ብዬ አየኋት፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። ጎንበስ ብዬ ጨርቁን ጨመቅሁ። እኛ ጋ ትልቅ ሰው ሲጠይቅ አንገቷን ደፍታ ዝም ያለች ልጅ እሽ ብላለች ማለት ነው፤ ይህን ደግሞ አሳምሬ አውቅ ነበር። እያወቅሁ ዝም አልሁ።

ጎረቤታችን ግንባሬን ሳመችኝ። ከዚያ እልል አለች። እልልታው አጥሩን አልፎ ሄደ፤ ከወዲያም ከወዲህም ሴቶች ተቀበሏት። አባባ ከመስጊድ ሲመለሱ በር ላይ አግኝታቸው ትከሻቸውን ሳመች።

"ሐጂ፣ እግዜር ይስጥልኝ! ክብሬን ሸፈኑልኝ!"

አባባ ቆሙ። በትከሻዋ ላይ አሻግረው እኔን አዩኝ። ጨርቁ እጄ ላይ ነበር፤ ውሃው በክርኔ ይወርዳል። 

"እንኳን ደስ ያለሽ" አሏት። 

መካኒኩ ማታ ሲሰማ የእጁን መፍቻ መሬት ላይ ወረወረ። "ሐጂ፣ እሽ ከተባለ በኋላም እኮ እምቢ ማለት ይቻላል! ሰው ይረዳል!" አለ። አጎቴ ደስታውን ሊደብቅ ሞክሮ አልቻለም። "ይሄ ይሻላል" አለ፤ "ሰርግ ማጀብ ክብር ነው።" ከባዱ መኪና ዓርብ መጥቶ ባዶውን ተመለሰ።

እሁድ አባባ ራሳቸው ነዱ። እኔ ከሰርገኞቹ ጋር በሚኒባስ ከኋላ ነበርሁ። ክላክሱ፣ ዘፈኑ፣ ፀሐዩ። አደባባዩን ሦስት ጊዜ ዞርን፤ ቪዲዮ ቀራጩ፣ "አባቴ፣ ቀስ! ቀስ! ትንሽ ቀስ!" እያለ ይጮኻል። የዓባይ ድልድይ ስንደርስ ከመኪናዋ ሥር ጭስ ወጣ፤ ሽታው ሚኒባሱ ውስጥ ድረስ ገባ። ቆመች። ሙሽሪት ቬሎዋን ሰብስባ እየሳቀች ወረደች። ባጃጅ ላይ ወጣች፤ ማንም ምንም አላላትም። ሚዜዎቹ ኮታቸውን አውልቀው፣ እየዘፈኑ፣ መኪናዋን እቤት ድረስ ገፏት። አባባ መሪውን ይዘው ውስጥ ተቀምጠው ነበር። ማርሹ ባዶ ላይ ነበር።

አዲሱ ፍሪሲዮን ተፈልጎ እስኪመጣ ክረምት ገባ። ሲመጣ አባባ የሻይ ብርጭቆ እንኳ በሁለት እጅ ነበር የሚይዙት። መካኒኩ ሌላ እሁድ ጠይቆ አገኘ፤ አባባ እጃቸውን ዘርግተው አሳዩት፤ እሱም ቀጠሮውን ሰረዘ። መስከረም ላይ አጎቴ ለአንድ የአዲስ አበባ ሰው ሸጣት። ስትወጣ አጥቤ አስረከብኋት።

ከጥቂት ወራት በኋላ መካኒኩ እየሮጠ መጣ። ገዢው ሜዳው ላይ ሲነዳት የተቀረጸ ቪዲዮ ተልኮለታል። አባባ ስልኩን መያዝ ስላልቻሉ እኔ ያዝሁላቸው። ማንጎዋን አየኋት፤ ቀለሟ ብቻ ብልጭ ብሎ ያልፋል። አባባ ግን ወደ ስልኩ አላዩም። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ድምፅዋ ከፍ ይላል፣ ይሰበራል፣ ደግሞ ከፍ ይላል። ቀኝ እጃቸው እየተንቀጠቀጠ ጉልበታቸው ላይ ወደፊት ወደኋላ ይሄዳል።

"አራት" አሉ። ትንሽ ቆይተው፣ "አምስት።" ከዚያ ረጅም ሆነ፤ ድምፁ ቀጥ ብሎ ሄደ፣ ሄደ። "ስድስት" አሉ በሹክሹክታ። "እንዲህ ናት ለካ።"

መካኒኩ ፊቱን ወደ ማንጎው ዛፍ አዞረ። ከሄደ በኋላ እግራቸው ሥር ተቀምጬ ልነግራቸው ሞከርሁ። "አባባ፣ ያን ጊዜ እኔ ነኝ..." ብዬ ቀረሁ።

"አውቃለሁ። 'ልጅቱ ምንም አላለችም፣ እሽ አለችኝ' ብላ ጎረቤታችን ነግራኛለች" አሉ። እጃቸውን ራሴ ላይ አደረጉት፤ ሻሼ በመንቀጥቀጡ ተንሸራተተ። "እኔ በር ላይ ቆሜ ነበር። አፍ ነበረኝ። 'እሁድ መንገድ አለን' ማለት እኔንም አቃተኝ፤ አንቺን ብቻ አይደለም።"

በዓመቱ ሞቱ። ጎረቤታችን ከእኔ በላይ አለቀሰች። ምን እንዳስቀረችባቸው እስከ ዛሬ አታውቅም፤ አልነገርኋትም።

እና እነዚያ ልጆች ቢጠይቁኝ፣ ያለው ሰው ሜዳ ወስዶ ይንዳት እል ነበር። ጎማዋ ይለቅ። ሰው በሌለበት ቦታ፣ እጁ ሳይዝል፣ አንድ ቀን። ቆማም ታረጃለች፣ ተንቀርፍፋም ትቃጠላለች፤ አይቻለሁ። ግን አልጠየቁኝም፤ ቢጠይቁኝም ጎንበስ እል ይሆናል።

ቆይ፣ ስሚ። ቀይዋ ተነሣች። አንደኛ ናት። አሁን ሁለተኛ ገባች። ወደ ድልድዩ እየሄዱ ነው... ሦስተኛ።

በቃ፣ እዚያው ላይ ቀረች። በይ አንሶላውን በዚያ በኩል ያዥልኝ፤ ደርቋል።