ቆሞ የተለካ ሱሪ

የሰፈሩን ልብስ ሰፊ በእውነተኛ ስሙ የሚጠራው ከባለቤቱ በቀር ማንም የለም። ለሌላው ሁሉ «አይተረተር» ነው። እሱ የሰፋው ሱሪ ጨርቁ አርጅቶ ያልቃል እንጂ ስፌቱ አይለቅም፤ ቅጽል ስሙን ያወጡለትም ደንበኞቹ ናቸው። ሲጠሩት በሆዱ ደስ ይለዋል፣ በአፉ ግን ሁልጊዜ ይቆጣል።

ለዚህ ሰው ነው እንግዲህ አንድ ጠዋት ስድስት የተቀደደ ነጭ ሱሪ የተመለሰለት። ይዛቸው የመጣችው ከሱቁ በላይ ባለው አዳራሽ ቴኳንዶ የምታስተምረው አሰልጣኝ ናት። ስድስቱም የተቀደዱት አንድ ቦታ፣ ሁለቱ እግሮች የሚጋጠሙበት ላይ ነው።

«ጋሼ፣ ሁለተኛ ጊዜ ሆነ እኮ» አለችው እያፈረች። «ቅዳሜ ተማሪዎቼ ቤተሰቦቻቸው ፊት ይፈተናሉ። እዚያ መሃል ቢቀደድባቸው ምን ይውጠኛል? ካልሆነ ሌላ ሰው ልፈልግ።»

ሌላ ሰው! አይተረተር ክው አለ። ክሩን ጎተተው፣ ደህና ነው። ስፌቱንም ደርቦ ነበር የሰፋው። ይህን ከመባሉ ይልቅ ምክንያቱን አለማወቁ ከነከነው። ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ተከትሏት ደረጃውን ወጣ።

«እስቲ ይህን የእግር ምት የምትሉትን አሳዪኝ።»

አሳየችው። ከፍጥነቷ የተነሳ ምንም አልታየውም። «በይ እኔው ልማረው» ብሎ ጫማውን አወለቀ። ተማሪዎቹ ሳቃቸውን በመዳፋቸው አፈኑ።

የመጀመሪያው ምቱ ወለሉን መታ። ሠላሳ ዓመት የስፌት መኪና የረገጠ እግር ቁልቁል እንጂ ወደ ፊት መሄድ መች ያውቃል!

«እግርዎን ይርሱት፤ መጀመሪያ ጉልበት» አለች አሰልጣኟ። «ወደ ደረትዎ ያንሱት። አሁን ከጉልበት በታች ያለውን ይዘርጉ። ጣቶችዎን ወደ ራስዎ ይሳቡ፣ አለዚያ ይሰበራሉ። ከዚያ አጥፈው ይመልሱት።»

«መመለሱ ደግሞ ለምንድነው?»

«የተዘረጋ እግር ይያዛላ!»

«የቆመውስ እግር ተረከዙ ለምን ይዞራል?»

«ጋሼ፣ ይምቱ እንጂ!»

ግድግዳ ይዞ አነሳ፣ ዘረጋ፣ አጠፈ፣ አወረደ። ላብ በላብ ሆነ፤ ደስም አለው። ግድግዳውን ለቆ ጉልበቱን ከምንጊዜውም በላይ ሲያነሳ፣ በገዛ እጁ የሰፋው ሱሪ ጭኑ መሃል ጥብቅ አድርጎ ያዘው። በአንድ እግሩ እንደቆመ ቀረ።

«ቆይ! ማንም እንዳይነካኝ!»

ሜትሩን ከአንገቱ መዝዞ እየተንገዳገደ ለካ። ጨርቁ አንድ መዳፍ ያህል ያጥራል።

«ጥፋቱ የክሩ አይደለም፣ የኔ ነው» አለ፣ እንደ ልጅ ዓይኑ እያበራ። «ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሰውን ሁሉ ቀጥ አድርጌ አቁሜ ለካሁ። ቆሞ የሚኖር ይመስል!»

እስከ ዓርብ ማታ ሱሪዎቹን ሁሉ ፈታ። በየመጋጠሚያቸው ባለ አራት ማዕዘን ቁራጭ ጨርቅ እየጨመረ እንደገና ሰፋቸው።

ቅዳሜ የተማሪዎቹ ቤተሰብ ሁሉ ፊት ፊቱን ሲያይ፣ እሱ ከኋላ ተቀምጦ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጥ ነበር። ምት፣ ጭብጨባ። ምት፣ ጭብጨባ። የሚቀደድ ጨርቅ ድምፅ የለም። ጉልበቱ ሳያውቀው አብሮ ይነሳል። የመጨረሻዋ ተፈታኝ እግሯን አጥፋ ስትመልስ አሰልጣኟ ከፊት ሆና «ጋሽ አይተረተር!» ብላ ተጣራች። ሰው ሁሉ ዞረ።

መቆጣቱን ረሳው።