ሦስተኛዋ ወረቀት

ይህን እስከ ዛሬ ለንስሐ አባቴ እንኳ አልተነፈስኩም። እናንተ ስሙኝ። ፊደል የለቃቀምኩት ከልጅ ልጄ ደብተር ላይ ነውና በአጻጻፌ አትፍረዱብኝ፤ በሠራሁት ግን ፍረዱ።

ከልደታ አብነት፣ ከአብነት ሜክሲኮ ቆሎ በቅርጫት ይዤ የምዞር ሴት ነኝ። እግሬ አንድ ቦታ አይረጋም፤ ወሬዬም እንደ እግሬ ነው። አንድ ቀን ጠመንጃ ያዥ ሰፈር መታጠፊያው ላይ አንዲት ነርስ አስቆመችኝ።

«እማማ፣ እንደ እርስዎ ዞረው የሚሸጡ ሴቶችን ሳንባቸውን ልንመረምር ነበር። ቤት ለቤት ብንሄድ አናገኛቸውም። ስንት እንደሆኑም የሚያውቅ የለም።»

«ቤት ቁጭ ብለው ምን ሊበሉ!» አልኳት።

ሳቀችና ሦስት የመመርመሪያ ወረቀት ሰጠችኝ። ለሦስት አዟሪዎች እሰጣለሁ፤ እነሱም ተመርምረው ሲወጡ ሦስት ሦስት ይዘው ለሚያውቋቸው ያድላሉ። እንዲህ እንዲህ እያለ ነርሷ አይታት የማታውቅ ሴት ዘንድ ይደርሳል። ወይ ብልሃት! መነሻዋ ደግሞ እኔ! ማንም ከቁጥር አስገብቶኝ የማያውቅ እኔ! ያን ቀን መሬት አልረገጥኩም፤ ቆሎዬን ላገኘሁት ሁሉ እየዘገንኩ አስቀመስኩ።

ግን ወረቀቱን እንደ ሠርግ መጥሪያ ቆጠርኩት። መጥሪያ ለማን ይሰጣል? ለሚከበር ሰው አይደል? ሁለቱን ከአዟሪዎች ውስጥ ደህና ለባሽ ለሆኑት ሰጠሁ። ሦስተኛዋን ደረቴ ውስጥ ሸጉጬ ስሄድ ይርገዱ አገኘችኝ። ይርገዱ ልጇን አዝላ ሶፍት የምትሸጥ፣ ሳል የማይለቃት ምስኪን ናት። ከኔና ወረቀት ከሰጠኋቸው ከሁለቱ፣ እሷን የማውቃት እኔ ብቻ ነበርኩ።

«እማማ፣ ወረቀት ያድላሉ አሉ። ለኔም ይስጡኝ፤ ይኼ ሳል ሊገድለኝ ነው።»

ጫማዋን አየሁ። ቀሚሷን አየሁ። ነርሷ «የእርስዎ ሰዎች እንዲህ ናቸው?» የምትለኝ መሰለኝ።

«አልቋል፣ ልጄ» አልኳት።

አልቋል አልኳት! ወረቀቷ ደረቴን እየወጋችኝ አልቋል አልኳት። ሰይጣን አሳሳተኝ ልበል? የለም፣ እኔ ነኝ። በገዛ አፌ።

ወረቀቷን ለማን የሰጠሁ ይመስላችኋል? ከጃንጥላ በቀር ተሸክመው ለማያውቁት፣ ለዕድራችን ዳኛ ሚስት ለእትዬ ዘነበች!

«አንቺ፣ እኔ እንዴት አዟሪ እመስላለሁ?»

«ቅርጫቴን ይያዙ። ትከሻዎን ጣል ያድርጉ። እንደሱ! ኧረ ወርቁን ያውልቁ!»

ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። እሳቸውም አዟሪ መስለው ነርሷን አለፉ። የሳቸውን ሦስት ወረቀት ለእህታቸው፣ ለአማቻቸው፣ ለክርስትና ልጃቸው አደሉ። ያው ቅርጫቴ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ሰነበተ፤ እኔ ቆሎውን በፌስታል ሸጥኩ። በመጨረሻ ነርሷ «እማማ፣ በእርስዎ በኩል የመጡት ሁሉ ጤነኞች ናቸው፤ ወደ ሌላ ሰፈር ልንሄድ ነው» አለችኝ። ልብ በሉ፣ እልል ለማለት ምንም አልቀረኝ! ነርስ ከሰፈሯ ስትሄድባት ደስ የሚላት እንደኔ ያለች ሴት አለች?

ክረምቱ ሳይወጣ ይርገዱ ሜክሲኮ ላይ ወደቀች። ሳንባ ነቀርሳ ነበር። ልጇም ይዞት ተገኘ። ልጁ በመድኃኒት ዳነ፤ እሷም ተረፈች፤ ግን አንዱ ሳንባዋ የለም። ዛሬ ዳገት አትወጣም፤ ዞራ መሸጥ ቀርቶባት አንድ ሱቅ ደጃፍ ተቀምጣ ትውላለች። ሳልፍ ትጠራኛለች።

«እማማ፣ ያኔ አንድ ወረቀት ቢተርፍዎት ኖሮ ለኔ ነበር የሚሰጡኝ፤ አውቃለሁ። እድሜ ይስጥዎ!»

ትመርቀኛለች! እኔም አሜን እላለሁ። ስንት ጊዜ አሜን አልኩ?

ዛሬ ግን በቃኝ። ይህን ስጽፍ እፈራለሁ፣ ግን ደስ ደስም ይለኛል፤ ጽፌ ስጨርስ ተነስቼ እሄዳለሁ፣ ፊቷ ቆሜ እነግራታለሁ። ትሰድበኝ፣ ምርቃቷን መልሳ ትውሰድ፣ የፈለገችውን ትበለኝ። እናንተን ግን ይቅር በሉኝ ብዬ አልለምንም፤ የጠፋው ሳንባ የእናንተ አይደለም።