ከስልኬ ጀርባ የተለጠፈው ፕላስተር

እኔ ስልክ የምፈልገው ለሁለት ነገር ነው፤ ሲደወልልኝ ላነሳ፣ መብራት ሲጠፋ ባትሪውን ላበራ። ስም መመዝገብ ምናምን የልጄ ጣጣ ነው። ፊደል የቆጠርኩት ጎልምሼ፣ በመሠረተ ትምህርት ነው። ቀስ ብዬ አነባለሁ፤ በዚያች ትንሽ መስኮት ላይ ግን አልሞክረውም።

የካዛንቺስ ቤታችን ከፈረሰ በኋላ እኔና ባለቤቴ ጎተራ፣ ልጃችን የደረሳት ኮንዶሚኒየም ገባን። ስኳር አለብኝ። ካዛንቺስ ሳለሁ ብወድቅ የሚያነሳኝ ሰው ቤቴን ያውቀዋል፣ ደግፎ ያስገባኛል፣ አለቀ። ልጄ አሁን ሰጋች። አንድ እሁድ ስልኬን ይዛ አጠገቤ ተቀመጠች።

«አባዬ፣ መንገድ ላይ አንድ ነገር ብትሆን ለማን ይደወል?»

«ለማንም።»

«በቃ፣ የኔን ልመዝግበው።»

«አንቺ አልቃሻ ነሽ። ነገሩን ሰምተሽ ሳትጨርሺ እናትሽ ጋ ትደውያለሽ።»

«እሺ፣ የእማዬን።»

«እሱንማ እንዳትሞክሪው!»

ባለቤቴ ግፊት አለባት። የእህቷን መርዶ የሰማች ቀን ወደቀች፤ ግራ እጇ ስንት ወር ዝሎ ከረመ። ሐኪሙ እኔን ለብቻዬ ጠርቶ «ሁለተኛ እንዲህ ከደነገጡ ያሰጋቸዋል» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ክፉ ወሬ እሷ ጋ እንዳይደርስ በር ላይ የቆምኩት እኔ ነኝ። ቁጥሯን ስልኬ ውስጥ አላስገባሁም፤ በቃሌም አላውቀውም። ምን ያደርግልኛል? ሁሌ ቤት ናት።

ስለዚህ የእድራችንን ዳኛ አስመዘገብኩ። ሰፈሩ ቢበተንም እድሩ አልተበተነም። ዳኛው አብሮ አደጌ ነው፣ ረጋ ያለ ሰው። ልጄ ቁጥሩን ሁለት ላይ አስቀመጠችውና ከስልኩ ጀርባ ነጭ ፕላስተር ለጥፋ «ለአደጋ ጊዜ 2ን ተጭነው ይያዙ» ብላ ጻፈችበት።

«አባዬ፣ እድር እኮ የሚጠራው ሰው ሲሞት ነው» አለችኝ።

«እሱ ያውቅበታል» አልኳት።

ዓርብ ቀን ፀጉሬን ልስተካከል ኦሎምፒያ ሄድኩ። ጾም ነው ብዬ መድኃኒቴን ውጬ እህል ሳልቀምስ ወጣሁ። ባለቤቴ «ስኳር ያለበት ሰው ቁርሱን ይበላል፣ የንስሐ አባታችንም ፈቅደውልሃል» ብላ ጮኸችብኝ፤ አልሰማኋትም። ስመለስ ታክሲ እየጠበቅኩ እግሬ ከዳኝ። ስነቃ አንድ መድኃኒት ቤት ደረጃ ላይ ተቀምጫለሁ፤ ነጭ ጋውን የለበሰች ልጅ ስኳር የተበጠበጠበት ውሃ ታጠጣኛለች።

«አይዞዎት አባባ። ከስልክዎ ጀርባ ያለውን አይቼ ደውያለሁ።»

«ምን አልሽው?»

«ትንሽ አሟቸው ነው፣ ደህና ናቸው፣ አይደንግጡ፣ ሰው ይምጣ አልኳቸው።»

«ገደልሽኝ!»

«እንዴ! ምን አጠፋሁ?»

ምንም አላጠፋችም፣ እውነቱን ነው የተናገረችው። ግን እኛ ዘንድ ሞት በስልክ አይነገርም። «ትንሽ አሞታል፣ አትደንግጥ፣ ና» ነው የሚባለው። ዳኛው ራሱ ይሄንኑ ቃል ለስንቱ የሟች ቤተሰብ ሲናገር ኖሯል።

«እሱስ ምን አለሽ?»

«እውነቱን ንገሪኝ ልጄ፣ እኔ ሽማግሌ ነኝ፣ እችለዋለሁ አሉኝ። ኧረ ደህና ናቸው ስላቸው፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ ብለው ዘጉት።»

ሁለትን ተጭኜ ያዝኩ። ተይዟል። ደግሜ ያዝኩ፣ ተይዟል። እድርተኛውን ሁሉ እየጠራ ነው። ልጄ ጋ ደወልኩ፤ አላነሳችም፤ መሥሪያ ቤቷ ስልክ በር ላይ ነው የሚያስቀምጡት። የባለቤቴ ቁጥር የለኝም። ከነሕይወቴ ቁጭ ብዬ ሚስቴ መርዶዬን ልትሰማ ነው። ልጅቷ «ትንሽ ይረፉ» ብትለኝ እምቢ አልኳት። ኮንትራት ታክሲ አስቁማ አስገባችኝ፣ ለሹፌሩም አደራ ሰጠችልኝ።

መንገዱ ተዘጋግቷል። ሹፌሩን በኃይለ ቃል አጣደፍኩት፤ «አባቴ፣ በላያቸው ልብረር?» አለኝ። ጎተራ ልንደርስ ስንል ስልኬ ጮኸ። የማላውቀው ቁጥር ነው።

«አለህ?» አለች ባለቤቴ።

«አለሁ።»

 

«ሦስት ሽማግሌዎች ሳሎን ተቀምጠዋል» አለች። «ጾም እንደሆነ ሽሮ አለ። እንጀራው አይበቃም፣ ዳቦ ይዘህ ና።»

ስደርስ ደጃፉ ላይ አይሱዙ ቆሟል፤ የእድራችን ድንኳንና ብረቱ እንደተጫነ ነው። ደረጃውን እንዴት እንደወጣሁት አላውቅም። ዳኛው ሲያየኝ ብድግ አለና አማተበ፣ ከዚያ ሰደበኝ።

ነገሩን የነገረኝ እሱ ነው። ገብተው ሲቀመጡ ባለቤቴ መኪናውን በረንዳ ላይ ሆና አይታው ነበር። ያንን ድንኳን ስንት ለቅሶ ተቀምጣበታለች፤ አይጠፋትም። «ትንሽ አሞት ነው» ሲላት ፊቱን ትክ ብላ አየችውና «አስከሬኑን ያየው ማነው?» አለች። ሁሉም ተያዩ። «ማንም ካላየው አላለቅስም» ብላ ስልኳን አነሳች። ቁጥሬን በቃሏ ታውቀዋለች።

«እኔ እኮ ያንተ መርዶ ነጋሪ ነኝ ብዬ መጣሁ፣ እሷ መኖርህን ለኔ ነገረችኝ» አለ ዳኛው።

ሰዎቹ በልተው ሲሄዱ ድንኳኑም ሄደ። ባለቤቴ ክኒኗን ዋጠች። ብርጭቆውን የያዘችው በዚያ ዝሎ በከረመው ግራ እጇ ነው። በሩን ስጠብቅ የኖርኩት እኔ ነበርኩ፤ የዛሬውን ግን ያለኔ ነው የቻለችው። ይሄንን አልነገርኳትም።

«ስልክህን አምጣ» አለችኝ።

ሰጠኋት። ፕላስተሩን በጥፍሯ ላጠችው። ማታ ልጃችን ስትመጣ ሁለት ላይ የእናቷን ቁጥር አስገባች። በአዲሱ ፕላስተር ላይ ግን እኔ ልጻፍ አልኩ። ባለቤቴ አንድ በአንድ እየነገረችኝ ቁጥሯን ጻፍኩ፤ ከላዩ «ባለቤቴ» አልኩበት። ስጨርስ አንገቷን አስግጋ አየችው።

«ሰባትህ አንድ ትመስላለች» አለችኝ።

አስተካከልኳት።